አጥንት የሚቆርጥ እጅ ሲደክም

አንድ የሕክምና ዕቃ አስመጪ ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ባዘጋጀው ሥልጠና ላይ የጥርስና የመንጋጋ ሐኪሞች ተሰብስበን ነበር። አስተዋዋቂው ወጣት ነው፤ ነጭ ጋውን ለብሷል። ጥሬ እንቁላል በትንሽ ሳህን ላይ አስቀመጠና ፒዬዞ በሚባለው፣ በፈጣን ርግብግብ አጥንት በሚቆርጠው መሣሪያ ጫፍ ቅርፊቱን አራት ማዕዘን አድርጎ መቁረጥ ጀመረ። ውሃው እየተረጨ፣ መሣሪያው ቀጭን ድምፅ እያሰማ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆየ። ከዚያ የተቆረጠውን ቅርፊት በወረንጦ አነሳው። ከሥሩ ያለችው ስስ ነጭ ሽፋን ጭረት እንኳ አልነካትም። አዳራሹ አጨበጨበ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለና ሁላችንንም አሳቀን።

ይህ መሣሪያውን የሚያስተዋውቁ ሰዎች በየአገሩ የሚያሳዩት ትርዒት ነው። መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ጠንካራውን ይቆርጣል፣ ለስላሳውን ይምራል። ቅርፊቱ በአጥንት ቦታ የቆመ ነው፤ ሽፋኑ በነርቭ፣ በደም ሥር፣ ወይም ከላይኛው መንጋጋ በላይ ባለው የአየር ክፍተት፣ በሳይነሱ ሽፋን ቦታ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ጭብጨባው ሲያበቃ፣ ከፊት ተቀምጠው የነበሩት የቀድሞ መምህሬ ተነሱ። አዳራሹ ውስጥ ከነበርነው ብዙዎቻችንን ድድ ከፍቶ አጥንት መቁረጥ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። «እስቲ ለእኔም አንድ እንቁላል ስጠኝ፣ ልጄ» አሉት። ልጁ ደስ ብሎት አቀረበላቸው። የመጀመሪያውን መስመር እንደ እሱ በጥንቃቄ ቆረጡት። ሁለተኛውን ሲጀምሩ ወደ እኛ ዞር ብለው ስለ አንድ የድሮ ታካሚያቸው ያወሩ ጀመር፤ እጃቸው ግን ሥራውን አላቋረጠም። ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቶቻቸው ሲጠብቁ፣ ጥፍራቸውም ሲነጣ አየሁ። ሽፋኑ ተበሳ። አስኳሉ ሳህኑን አልፎ የጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ፈሰሰ።

«ዶክተር፣ በጣም ስለተጫኑት እኮ ነው» አለ ልጁ፣ እሱ ያጠፋ ይመስል አንገቱን ደፍቶ። «መጫን አያስፈልገውም።»

«አውቃለሁ፤ የተጫንኩት ሆን ብዬ ነው። እጅ ሲደክም ይጫናል። ታካሚው ‹አልጨረሳችሁም ወይ?› የሚል ዓይን ሲያሳይ ይጫናል። ውጭ አምስት ሰው ተቀምጦ ሲጠብቅ ይጫናል። አንተ ያሳየኸኝ እጄ ሳይደክም የሚሆነውን ነው። እኔ የምጠይቅህ ሲደክም ስለሚሆነው ነው።»

ልጁ የማስታወቂያ ወረቀቱን አገላበጠ። መልሱ እዚያ ላይ አልነበረም። አንዳንዶች ሳቁ፣ ሻይ ቀረበ፣ ነገሩም በዚያው አለፈ። እኔ ግን ጥያቄውን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ስለ አጥንት መቁረጫ መሣሪያዎች የተጻፉ ንጽጽሮችን አንብቤያለሁ፤ ለተማሪዎችም አቅርቤያለሁ። ዘወትር የሚጠየቀው ያው ነው። የትኛው ይፈጥናል? ከየትኛው በኋላ ፊት ያነሰ ያብጣል? የትኛው ዋጋው ይቀላል? ደህና ጥያቄዎች ናቸው። ሆኖም መልሳቸው የሚገኘው ዕቃው ተሟልቶ፣ ሐኪሙ ተዘጋጅቶ፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው አጠገቡ ቆሞ ከተሠራ ሥራ ነው። መምህሬ የጠየቁት የቀረውን ነበር፦ ሰው ሲቸኩልና ሲታክት መሣሪያው ምን ያደርጋል? በተሳሳተ መንገድ ሲይዙት ወዲያው ያሳውቃል ወይስ ዝም ብሎ ያሳልፋል? ከዚያ ቀን ወዲህ መሮውንም፣ መሰርሰሪያውንም፣ ፒዬዞውንም የማያቸው በዚህ ዓይን ነው።

መሮና መዶሻ

መሮና መዶሻ ሲባል ታካሚ ይደነግጣል፤ ደግሞም እውነቱን ነው። መንጋጋ ላይ ያረፈ መዶሻ በጆሮ ብቻ አይሰማም፤ በራስ ቅል አጥንት በኩል ውስጥ ድረስ ይገባል። የድድ ማደንዘዣ ሕመሙን ይወስዳል እንጂ ድምፁንና ንዝረቱን አይወስድም። በዚህ ዘዴ ይሠሩ የነበሩ ብዙ ቀዶ ሕክምናዎች ታካሚው በማደንዘዣ ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ይሠሩ የነበረውም ስለዚህ ነው። እንግሊዛዊው ቴሬንስ ዋርድ እ.ኤ.አ. በ1956 በምላስ በኩል ያለውን ስስ አጥንት በመሮ ሰንጥቆ የታችኛውን የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ስለማውጣት ሲጽፍ፣ ዘዴው ከእሱ በፊት በመንጋጋ ሐኪሙ በኬልሲ ፍራይ እጅ የዳበረ ነበር። በሚችለው እጅ ከተያዘ ጥርሱ በጥቂት ምት ይወጣል።

አናጢ የእንጨቱን መስመር አይቶ እንደሚመታ ሁሉ፣ የታችኛው መንጋጋም የራሱ መስመር አለው። ስንጥቁ በመንጋጋው ርዝመት፣ ወደ ፊት መሮጥ ይወዳል። ስለዚህ ከጥርሱ ፊት መጀመሪያ ቁልቁል አንድ ማቆሚያ መስመር ይመታል፤ የመሮው የተሞረደ ፊት ወደ ኋላ ዞሮ። ከዚያ በኋላ አግድም የሚመታው ስንጥቅ እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ማቆሚያው ከተዘነጋ ግን ስንጥቁ የጎረቤቱን ጥርስ አጥንት ይዞ ይሄዳል። መንጋጋውን ከታች ደግፎ የሚይዝ ሰው ከሌለ ደግሞ የሚሰነጠቀው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። የወጣት አጥንት የመለጠጥ ጠባይ ስላለው መሮን ይታገሣል፤ በዕድሜ የጠነከረው አይታገሥም።

መሮ ሲቀጣ ወዲያውና በግልጽ ነው። የሆነው ይታያል፣ ይሰማል፤ ሐኪሙም በዚያው ደቂቃ ያውቃል። ከዚህ በተረፈ መሮ አንድ የተረሳ ጸጋ አለው፦ አያሞቅም። አጥንቱን ይሰነጥቃል እንጂ አይፈጭም። እ.ኤ.አ. በ1975 በውሾች የመንጋጋ አጥንት ላይ መሮን፣ መሰርሰሪያንና በአልትራሳውንድ (በፈጣን ርግብግብ) የሚሠራ መቁረጫን ያወዳደረ ጥናት ወጥቶ ነበር። ቁስሉ ቀድሞ የዳነው በመሮ የተቆረጠው ነው፤ በአልትራሳውንድ የተቆረጠው ተከተለው፤ መሰርሰሪያው ወደ ኋላ ቀረ። ይህን ጥናት መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ ገጹን ሁለቴ ነው ያየሁት። የትናንት ዕቃ ብለን መሳቢያ ውስጥ የወረወርነው መሮ፣ በአጥንቱ ዘንድ ከሁሉ የተወደደው ሆኖ ተገኘ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላም፣ ነቅቶ ወንበር ላይ ባለ ታካሚ ላይ መዶሻ አላነሳም። አጥንቱ ቢወደውም ሰውየው አይወደውም፤ እኔ ደግሞ የማክመው ሰውየውን ነው።

የማይሰማው ሙቀት

ዛሬ በአብዛኛው የምንሠራው በሞተር መሰርሰሪያ ነው። የቀዶ ሕክምናው ሞተር በደቂቃ እስከ 40,000 ዙር ይሽከረከራል፤ ጫፉ ካርባይድ ከሚባል ጠንካራ ቁስ የተሠራ ነው፤ የመንጋጋን ጠንካራ የውጭ አጥንት በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። እጅ በፍጥነት ይለምደዋል። ቅጣቱ ግን ከመሮ ተቃራኒ ነው፦ ዝምተኛ ነው።

ስዊድናውያኑ ኤሪክሰንና አልብሬክትሰን እ.ኤ.አ. በ1983 በጥንቸል አጥንት ውስጥ በአጉሊ መነጽር የሚያዩበት መስኮት ተክለው፣ አጥንቱን እያሞቁ የሚሆነውን ተከታተሉ። 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ደቂቃ ሲቆይ አጥንቱ ተጎዳ፤ ከዚያ ሳምንታት ውስጥ ከፊሉ ተመጥጦ በስብ ሕዋስ ተተካ። 47 ዲግሪ ብዙ አይደለም፤ ጠዋት የምንጠጣው ሻይ ከዚያ ይበልጣል። ውሃ የማያገኝ መሰርሰሪያ ደግሞ እዚህ ሙቀት ላይ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

የሚያስፈራኝ ቁጥሩ አይደለም። የሚያስፈራኝ በዚያች ደቂቃ ማንም ምንም አለማወቁ ነው። ታካሚው ደንዝዟል። አጥንቱ አይጮህም። ሐኪሙ የሚያየው ለስላሳና ንጹሕ የተቆረጠ ገጽታ ነው፤ እንዲያውም ሥራው ያማረለት ይመስለዋል። አጥንት ሲቃጠል የሚሰጠው ሽታ አፍንጫው ከደረሰ፣ ማስጠንቀቂያው ዘግይቶ ደርሷል። ዋጋው የሚከፈለው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ቶሎ በማይድን ቁስል፣ በሞተ የአጥንት ስባሪ፣ ወይም አጥንት ሊይዘው እምቢ ባለ የተተከለ ጥርስ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ምክንያት አይጠፋም፦ «ሲጋራ ያጨሳል»፣ «አፉን በደንብ አልታጠበም»፣ «መድኃኒቱን አቋርጧል»። መሰርሰሪያውን የሚጠረጥር ብዙ ሰው አላየሁም።

ሙቀቱን የሚያመጡት ሦስቱ ነገሮች ደግሞ ከድካምና ከእጥረት ጋር ዘመዳሞች ናቸው። አንደኛው የእጅ ጫና ነው። ሁለተኛው የደነዘ ጫፍ ነው፤ ካርባይዱ እያመከኑ (ከጀርም እያጸዱ) ሲጠቀሙበት ስለቱ ይሞታል፣ የሞተ ስለት አይቆርጥም፣ ይፈትጋል፣ ሐኪሙም አልቆርጥ ሲለው ይበልጥ ይጫናል። ሦስተኛው የውሃ ማነስ ነው። ሞተሩ የራሱ ፓምፕ ካለው መልካም። ከሌለው ሳላይኑን (የጨው ውሃውን) በስሪንጅ የምታፈሰው ረዳቷ ነርስ ናት። ስሪንጁ ሲያልቅ እስኪሞላ ድረስ ክፍተት አለ፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ መሰርሰሪያው ካልቆመ ሙቀቱ ሥራውን ይሠራል።

መምህሬ ተማሪ ሳለን አንድ ሕግ ነበራቸው። ነርሷ ስሪንጁን ስታነሳ የእኛም እግር ከፔዳሉ ላይ መነሳት ነበረበት። ያልተነሳ እንደሆነ እሳቸው ራሳቸው በጫማቸው ይገፉት ነበር። ያን ጊዜ አለቃ መሆን ያምራቸዋል ብለን እናማቸው ነበር። አሁን ሳስበው፣ ዝም ለሚል መሣሪያ ድምፅ ያበጁለት ኖሯል፤ የነርሷን እጅ የመሣሪያው አንደበት አድርገውት። በየጥናቱ የሐኪሙ ልምድ በዓመት ተቆጥሮ ይጻፋል፤ ውሃ ያፈሰሰችው ነርስ ስንት ዓመት እንደሠራች የተጻፈበት ግን አላጋጠመኝም። በእኔ ግምት በመሰርሰሪያና በፒዬዞ መካከል ከሚታየው ልዩነት ከፊሉ የእሷ ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አለ። ጥርስ ለመሙላት የምንጠቀምበት በአየር ግፊት የሚሽከረከረው መሰርሰሪያ እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ ከቀረበ ጀምሮ ሕይወታችንን አቅልሏል። ነገር ግን ድድ ተከፍቶ አጥንት ለመቁረጥ አልተሠራም። የአየር ማውጫው ወደ ፊት የሆነው ዓይነት የሚያወጣው አየር ወደ ተከፈተው ቁስል ይገባል። የታካሚው ጉንጭ በሐኪሙ ዓይን ፊት ይነፋል፤ ቆዳው ሲነካ ከሥሩ ይንኮሻኮሻል። ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይጠፋል። አንዳንዴ ግን አየሩ በአንገት በኩል ወደ ደረት ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ የጥርስ ሐኪም ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። የውሃ መስመሩም የመከነ አይደለም። እንዲህ ያለ ያበጠ ጉንጭ ይዘው ከሌላ ቦታ ወደ እኔ የመጡ ሰዎችን አይቻለሁ፤ «ጥርሴን ሊነቅሉኝ ሄጄ ነፉኝ» ያሉኝ እናት ከሁሉ የተሻለ የገለጹት ይመስለኛል። ስለ ፒዬዞና ስለ ሌዘር ከመከራከራችን በፊት ይህ ቢቆም ከሁሉም መሣሪያ የበለጠ ሰው ያድናል።

የሚቆመው መሣሪያ

ፒዬዞ ላይ እንመለስ። ፒየርና ዣክ ኪዩሪ የተባሉት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አሳዩ። ነገሩ ወደ ኋላም ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ቅርጻቸው ይለዋወጣል። የመሣሪያው መያዣ ውስጥ ያሉት የሴራሚክ ቀለበቶች በዚህ መንገድ ይርገበገባሉ፣ የብረት ጫፉንም ያርገበግቡታል። ጣሊያናዊው ቶማሶ ቬርቼሎቲ ይህን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለመንጋጋ አጥንት አበጀው። ጫፉ በሰከንድ ከ24,000 እስከ 30,000 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የሚሄደው ርቀት ከ60 እስከ 200 ማይክሮሜትር ነው። በዚህ ፍጥነት አጥንት ይቆረጣል፤ ለስላሳ አካል ግን አብሮ እየተወዛወዘ ያመልጣል። ነርቭን ወይም ሽፋንን ለመቁረጥ ከ50,000 በላይ ያስፈልጋል። የእንቁላሉ ምሥጢር ይኸው ነው።

ከሥልጠናው ጥቂት ወራት በኋላ አንዲት የባንክ ሠራተኛ መጣች። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሷ ተጋድሞ የቀረ ነው፤ ደጋግሞ አመርቅዟል። ራጁን ሳየው ሥሩ ነርቩ የሚያልፍበትን ቦይ የተሻገረበት ቦታ ጠቁሯል፤ የቦዩ ነጭ የላይኛው መስመርም እዚያው ላይ ተቋርጧል። እነዚህን ምልክቶች እያንዳንዱ የመንጋጋ ሐኪም ያውቃቸዋል፤ ሥሩና ነርቩ ተጠጋግተዋል ማለት ናቸው። ያ ነርቭ የታችኛውን ከንፈርና የአገጭን ስሜት የሚሰጥ ነው። ነገርኳት። «ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ነው የማወራው፣ ዶክተር፤ ከንፈሬ ቢደነዝዝ ምን እሆናለሁ?» አለችኝ።

የውጭውን ወፍራም አጥንት በመሰርሰሪያ አነሳሁት፤ እዚያ ላይ ነርቭ የለም፣ ጊዜም ይቆጥባል። ወደ ሥሩ ስጠጋ ፒዬዞውን ያዝኩ። መጀመሪያ ደህና ሄደ። ከዚያ ሥሩ ከምላስ በኩል ካለው አጥንት ጋር በተጣበቀበት ጥግ ላይ መሣሪያው መቁረጡን አቆመ። ድምፁ ወረደ፤ ከቀጭንነት ወደ ማጉረምረም ሄደ። ጫፉ አለ፣ ውሃው አለ፣ አጥንቱ ግን አይነሳም። በዚያች ቅጽበት እጄ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጫን በል። በመሰርሰሪያ ያደገ እጅ ነዋ፤ እዚያ ጫን ያለ ይቆርጣል።

ወደ ጣቶቼ አየሁ። ጠብቀዋል። መሣሪያው የቆመው ስለተጫንኩት ነበር፤ ርግብግቡ በእጄ ክብደት ታፍኖ። እጄን አነሳሁ፤ ድምፁ ተመለሰ። ልክ እንደሚነካና እንደማይነካ አድርጌ ጫፉን ወዲያና ወዲህ ሳመላልሰው አጥንቱ መነሳት ጀመረ። ነርሷ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ውሃውን ብቻ ጨመረች። እኔ ግን የመምህሬን ጥያቄ መልስ በእጄ ይዤው ነበር። መሮ ሲጫኑት ይሰነጥቃል። መሰርሰሪያ ሲጫኑት ዝም ብሎ ያቃጥላል። ይህኛው ሲጫኑት አልሠራም ይላል።

መልሱ ግን ግማሽ ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ ከአስተዋዋቂዎቹ ጋር እለያያለሁ። አልሠራም ሲል ጉልበቱ የትም አይጠፋም፤ መቁረጥ ያቃተው ርግብግብ ሙቀት ይሆናል። የታፈነ ጫፍ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ከቆየ ነርቩን ሳይቆርጠው ሊያቃጥለው ይችላል። ቀጭን ሽፋንንም በስለት ባይቆርጥ በክብደት ይበሳዋል፤ እንቁላሉ ላይ የሆነው ይኸው ነበር። መሣሪያው አቤቱታውን ያሰማል፤ የሚሰማው ሰው ከሌለ ግን ከመሰርሰሪያው አይሻልም። ከዚህም የከፋ ነገር አለው፦ ቀርፋፋ ነው። በየጥናቱ ደጋግሞ የሚታየው ታካሚው ያነሰ እንደሚያብጥና አፉን ቀድሞ እንደሚከፍት፣ ሥራው ግን ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚወስድ ነው። ረዘም ያለ ጊዜ ማለት ረዘም ላለ ጊዜ የተከፈተ አፍ፣ ረዘም ላለ ጊዜ የተንጠለጠለ ክንድ ማለት ነው። የደከመን እጅ የሚታገሠው መሣሪያ፣ እጅን የሚያደክመው ራሱ ነው። ይህን እስካሁን መፍታት አልቻልኩም።

የባንክ ሠራተኛዋ በማግሥቱ ደውላ ከንፈሯ እንደተመለሰ ነገረችኝ። ደስ አለኝ፤ ማስረጃ ግን አላደረግሁትም። በመሰርሰሪያ ብቻ ብሠራውም ከንፈሯ ሊመለስ ይችል ነበር፤ የጥርሳቸው ሥር ወደ ነርቩ ከተጠጋ ሰዎችም ብዙዎቹ ምንም ሳይሆኑ ይወጣሉ። ነርቩ ያልተነካው በመሣሪያው ይሁን በዕድል፣ ከአንድ ሰው አይታወቅም።

ሽቦና ብርሃን

ስለ ሌዘር አጭር ነው የምለው። ለአጥንት የሚሆነው ዓይነት የሞገድ ርዝመቱ 2,940 ናኖሜትር ነው፤ በአጥንቱ ውስጥ ያለው ውሃ ብርሃኑን ይውጥና ይፈነዳል፣ አጥንቱም አብሮ ይነሳል። ሳይነካ ይቆርጣል። ለእኔ ችግሩ ይኸው ነው፦ ሳይነካ የሚቆርጥ መሣሪያ ለእጅ ምንም አይነግርም። ምን ያህል እንደጠለቀ በዓይን ብቻ ነው የሚታወቀው፤ በደም የተሞላ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ዓይን ብዙ አያይም።

የሽቦ መጋዙ ሌላ ነው። ሊዮናርዶ ጂግሊ የተባለው ጣሊያናዊ የማዋለድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1894 የወላድን የዳሌ አጥንት ለመክፈት ያበጀው ነው፤ የእኛ ሙያ በውሰት ወሰደው። አገራችን ውስጥ የመንጋጋ ዕጢ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ዘግይተው ነው የሚደርሱት፤ ዕጢው ፊታቸውን አዙሮት። ያን ጊዜ የሚቆረጠው በጥርስ ዙሪያ ያለ አጥንት ሳይሆን የመንጋጋ ግማሽ ነው። ሽቦው ከመንጋጋው ጀርባ ይዞራል፣ ሥጋው በብረት ይጋረዳል፣ ሁለት እጀታ ተይዞ ወዲያና ወዲህ ይሳባል። መብራት አይጠይቅም፣ መለዋወጫ አይጠይቅም። ጠባዩም ቀጥተኛ ነው፦ ሁለቱ እጆች ተራርቀው ረጅም ረጅም ከሳቡት ይሄዳል። ተቀራርበው በአጭር አጭር ከነጠቁት ይነክሳል፤ ያም ካልበቃ ይበጠሳል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላገኘሁም። የተበጠሰ ሽቦ ግን የሚያስወጣው ዋጋ አዲስ ሽቦ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ከመሣሪያ ሁሉ የተለየ ጨዋነት ነው።

«ብከፍል ይሻለኛል?»

ፒዬዞ ያላቸው ክሊኒኮች ለእሱ ተጨማሪ ማስከፈላቸው ያለ ነገር ነው። ጫፎቹ ያልቃሉ፣ በውጭ ምንዛሪ ይመጣሉ፣ ይገባኛል። ታካሚዎች ታዲያ ይጠይቁኛል፦ «ብከፍል ይሻለኛል?» ጥርሱ ከነርቩ ርቆ፣ አጥንቱ ጥቂት ከሆነ፣ አይሻልም እላለሁ። ስለታም ጫፍና የማይቋረጥ ውሃ እስካለ ድረስ በመሰርሰሪያ ቶሎ ተሠርቶ ቶሎ ወደ ቤት መሄድ ይበልጣል። ሥሩ ቦዩን ከነካ፣ ወይም የሳይነሱ ሽፋን ተነስቶ አጥንት የሚሞላ ከሆነ፣ እዚያ ላይ ገንዘቡ ትርጉም አለው። ገንዘብ ያለው ሁሉ ፒዬዞ፣ የሌለው ሁሉ መሰርሰሪያ የሚሆንበትን አሠራር ግን አልወደውም። የሚወስነው ራጁ መሆን ነበረበት።

በቅርቡ በአንድ ክፍለ ሀገር ከተማ ክሊኒክ የከፈተ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሟል፤ ፒዬዞ ልግዛ ወይ ይለኛል። አሁን የምትሠራበት ሞተር ፓምፕ አለው ወይ አልኩት። የለውም። ነርሷ ናት የምታፈሰው። ጫፎችህን መቼ ነው የምትለውጠው አልኩት። ሳቀ። እንግዲያው መጀመሪያ ውሃ የሚያፈስ የቀዶ ሕክምና ሞተር ግዛ፣ ቀጥሎ ጫፍ በሳጥን ግዛ፣ ያንን የአየር መሰርሰሪያ ደግሞ ከጥርስ ሙሌት ክፍል እንዳታወጣው፤ ፒዬዞው ከዚያ በኋላ ይመጣል አልኩት።

ደስ ያለው አይመስለኝም፤ ክሊኒኩ በር ላይ የሚለጥፈው ማስታወቂያ ቀርቶበታል። ከዚያ ግን ደህና ጥያቄ አመጣ፦ አንድን ጫፍ ስንት ሰው ላይ ልጠቀምበት? ቁጥር አልሰጠሁትም፤ እንደ አጥንቱ፣ እንደ እጁና እንደ ማምከኛው ይለያያል። ከሥጋ ቤት የበሬ ጎድን ገዝተህ አዲሱንና አሮጌውን ጫፍ ጎን ለጎን ሞክራቸው፤ አሮጌው ላይ እጅህ ስንት ጊዜ ጫን እንደሚል ራስህ ታየዋለህ አልኩት። ጾም ስለገባ ሰፈሩ ውስጥ ያሉት ሥጋ ቤቶች ዝግ ናቸው፤ ከፋሲካ በኋላ እሞክረዋለሁ ብሎኛል።